ሞተሩ እንደሚጠበቅ ሁሉ ቱቦውም ይጠበቅ

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ስለ በጋ መስኖ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። ውኃውን ከወንዝ አንስቶ ማሳ ላይ የሚያደርሰው ቱቦ ግን እምብዛም አይነሳም። ሞተሩ ከመስክ ሲመለስ ቤት ይገባል፤ ቱቦው ብዙ ጊዜ አጥር ሥር እንደተጠላለፈ ይቀራል። ይህ ልማድ ሊታረም ይገባል።

የተጠላለፈ ቱቦ ጉዳቱ ለዓይን ከማስጠላት ያልፋል። በታጠፈበት ቦታ ውኃው ይታነቃል፤ ሞተሩ ነዳጅ መብላቱን ሳያቆም ወደ ማሳው የሚደርሰው ውኃ ያንሳል። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የታጠፈ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ የከረመ ደግሞ ይደርቅና ይሰባበራል። በተለይ የመምጠጫው ቱቦ ሲሰነጠቅ ውኃ ስለማያንጠባጥብ በቀላሉ አይታወቅም። በስንጥቁ አየር ይስባል፤ ሞተሩ እየጮኸ ውኃው አይወጣም። አርሶ አደሩም ጉድለቱ የሞተሩ መስሎት ለጥገና ገንዘብ ያወጣል። ይህ ሲሆን ጊዜው ስንዴው የሚያሽትበት ወይም ሽንኩርቱ ውኃ የሚሻበት ከሆነ፣ የሚባክነው ቀን ከምርት ላይ የሚቀነስ ነው።

የጎጃም ገበሬ ዕቃ አያያዝ አዲሱ አይደለም። መጫኛውንና ጠፍሩን እንዲሁ ጥሎ አያድርም፤ ጠቅልሎ ይሰቅላል። ለቆዳ ገመድ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ በብዙ ብር ለተገዛ ቱቦ የሚነፈግበት ምክንያት የለም።

ሥራው ከባድ አይደለም። በቅድሚያ ቱቦውን በቀጥታ ዘርግቶ ከአንድ ጫፍ እያነሱ ውኃውን ማፍሰስ፣ የተጣበቀውን መረሬ ጭቃም ሳይደርቅ ማጠብ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው ነው። ውኃ ሲወጣለት የሚተኛው ለስላሳ ቱቦ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እንደ መቀነት ይጠቀለላል። ክብ ሆኖ የሚቆመው ቀጭን ቱቦ መሬት ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ቢነጠፍ፣ አንዱ ዙር የሌላውን ጥምዝ ስለሚፈታ ሲዘረጋ አይጠላለፍም። ጠንካራው መምጠጫ ግን በሰፊው ይከበባል እንጂ አይታጠፍም። በሞጣ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች የማለዳው ብርድ ፕላስቲክ ስለሚያደርቅ፣ ረፋዱ ሞቅ ሲል መጠቅለል ይሻላል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቦታ በጨርቅ አስሮ፣ ጥላ ውስጥ፣ አይጥ ከማይደርስበት ከፍታ መስቀል ነው። ማንጠልጠያው ምስማር ከሆነ ቱቦውን ይቆርጠዋል፤ አሮጌ ቸርኬ ወይም ወፍራም እንጨት ይመረጣል።

ቱቦው የአንድ ሰው ሲሆን ይህ ይበቃል። በቡድን የተገዛ ሲሆን ግን የሁሉም የሆነው ነገር የማንም እንዳይሆን ያሰጋል። ስለዚህ ተረኛው ጠቅልሎና ቆጥሮ ለቀጣዩ እንዲያስረክብ በቡድኑ መተዳደሪያ ደንብ ቢሰፍር ክርክርንም ያስቀራል። የልማት ጣቢያ ባለሙያዎችም ስለ ሞተር አያያዝ ሲያስረዱ ቱቦውን ዘርግተው አጠቃለሉን በተግባር ቢያሳዩ፣ የግማሽ ሰዓት ትምህርት ለብዙ ዓመት ይጠቅማል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ እያንዳንዱ መስኖ ተጠቃሚ ቱቦውን ከአጥር ሥር አንስቶ ይመርምር። የተሰነጠቀውን ያን ጊዜ ለይቶ ያስጠገነ፣ ቀጣዩን በጋ ያለ ስጋት ይቀበላል።