የሠራተኛው ደመወዝ፦ ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ምድር ልጆቹን ወደ ከተማ መላክ ከጀመረ ቈይቷል። የእርሻው መሬት በየትውልዱ እየተከፋፈለ አንሷል፤ ውርጭና የበልግ መዛባት ምርቱን ይቀንሱታል፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተባባሰው ግጭትም ትምህርትንና ገበያን አውኳል። ስለዚህ ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤልና ከዓለም ከተማ የሚነሡ ወጣቶች ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካዎችና የግንባታ ሥፍራዎች፣ ወደ አዲስ አበባ ምግብ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ያመራሉ። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ከሚቀጥሯቸውም ብዙዎቹ እንዲሁ። ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ብቻ የማንተወው ስለዚህ ነው።

ሕጉ የሚደርስበትና የማይደርስበት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ጊዜ በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ይወስናል። ሳምንታዊው ዕረፍት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት እንዲሆንና በተቻለ መጠን በዕለተ ሰንበት እንዲውል ያዝዛል። ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ለወላድ እናት 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል።

ሆኖም ሁለት ክፍተቶች አሉ። አንደኛው፣ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ለግል ዘርፉ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ይህን ደጋግሞ ጠይቋል። ሁለተኛው፣ አዋጁ የቤት ሠራተኞችን አያቅፍም፤ ጉዳያቸውን በሌላ ደንብ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶታል። ከመንዝ ወጥታ በደላላ እጅ ወደማታውቀው ቤት የምትገባ ወጣት የምትተማመነው በቀጣሪዋ ኅሊና ነው። ሕግ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ክርስትናችን ይፈተናል።

ደቦ እና ወንፈል

የደጋው ገበሬ ሁለት ዓይነት የጋራ ሥራ ያውቃል። በደቦ ጠሪው አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ይመለሳል። ወንፈል የበላ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ መታመኑን ያጣል።

ቅጥር ከወንፈል ይቀርባል። ብዙ ቀጣሪዎች ግን እንደ ደቦ ያዩታል። «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይባላል፤ ምግቧና መኝታዋ ይቈጠራል፤ ደመወዟ «እኔ ዘንድ ይጠራቀምላት» ተብሎ ይያዛል። ወደ አገሯ ልትመለስ በተነሣች ጊዜ የተሰበረው ሳሕንና የታመመችበት ቀን እየተቀነሰ ሒሳቡ ይጎድላል። እንደ ልጅ የምትታይ ልጅ እሑድ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ስትታመም ትታከማለች፤ ማታ ትማራለች። ይህ በሌለበት «ልጄ» የሚለው ቃል የደመወዝ ምትክ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

ኦሪት የድኻው ምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው ታዝዛለች (ዘዳ. 24፥14-15)። ጦቢት ልጁን ሲመክር የሠራተኛ ዋጋ በእጁ እንዳያድር አስጠንቅቆታል (ጦቢት 4፥14)። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽና ጩኸቱ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይነግረናል (ያዕ. 5፥4)። የሰንበት ትእዛዝም አገልጋዩና አገልጋይቱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ ነው (ዘዳ. 5፥14)። ስለዚህ ሠራተኛዋን እሑድ እያሠሩ ሰንበትን አከበርሁ ማለት አይቻልም።

ከዚህ የምንረዳው ደመወዝ ዕዳ መሆኑን ነው። ዕዳውን ሳይከፍል መባ የሚያገባና ዝክር የሚዘክር ሰው የሌላውን ገንዘብ ይዞ ወደ መቅደስ ቀርቧል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ከግፍ በተገኘ ገንዘብ የሚደረግን ምጽዋት አጥብቆ ነቅፏል።

ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ የሚሠሩትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደሚያደርጉት አድርገው እንዲሠሩ ያዝዛል (ቈላ. 3፥23)። አደራን መብላት፣ ሰዓትን መስረቅ፣ ሳይናገሩ ጥሎ መሄድ በደል ነው። ያው ሐዋርያ ግን ወዲያው ጌቶችን በሰማይ ጌታ እንዳላቸው አስታውሶ ቅንና እኩል የሆነውን እንዲያደርጉ ያዝዛቸዋል (ቈላ. 4፥1)።

ከእኛ የሚጠበቀው

ቀጣሪ የሆንን ምእመናን የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙን፣ የመክፈያውን ቀንና የዕረፍቱን ጊዜ በምስክር ፊት እንዋዋል፤ ደመወዙንም በወሩ በሠራተኛው እጅ እንስጥ። የንስሐ አባቶች ስለ ጾምና ጸሎት እንደሚጠይቁ ሁሉ «የሠራተኛህን ከፍለሃል?» ብለው ይጠይቁ። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ከገጠር ለሚመጡ ወጣቶች መብታቸውን የሚያስረዳና የሚያማክር ክፍል ቢኖራቸው ብዙዎችን ከደላላ እጅ ይታደጋሉ። ሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ከደጃቸው ይጀምሩ። የጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና የአብነት መምህሩ ደመወዝ ከሕንፃው ጕልላት በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ስብከታችን ሰሚ አያገኝም።

የድኻውን ድካም የማይረሳ አምላክ ለሁላችን ቅን ልቡና ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።