ሰው ሠራሽ ጥርስና የሱስ ህክምና በአንድ ዝርዝር፦ ከጉለሌ ሆኖ ሲታይ

በ2005 ዓ.ም የወጣ አንድ ደንብ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው ያወጣው፣ ቁጥሩ 271፣ ጉዳዩ ማኅበራዊ ጤና መድን። ውስጡ መድኑ የማይከፍልላቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። ለውበት የሚሠራ ቀዶ ጥገና አለበት። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከምም አሉበት። እዚያው ዝርዝር ውስጥ አንድ አጭር መስመር ደግሞ ከአደንዛዥ ዕፅና ከሱስ ጋር የተያያዘ ህክምና አይሸፈንም ትላለች።

ይሄ ደንብ የታሰበው ደሞዝተኛውን ነው። መድኑ ራሱ ለዓመታት "ዘንድሮ ይጀመራል" እየተባለ ሲራዘም ስለኖረ ብዙ ሰው ደንቡ መኖሩንም አያውቅም። ግን አንድ ነገር በደንብ ያሳየናል፦ ሱስን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ራስ ጥፋት ነው ያየው። "ራስህ ያመጣኸው ነው፣ ራስህ ክፈል" ነው ነገሩ።

እሺ፣ ይክፈል። በምን?

እስቲ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ስም አንሰጠውም፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ቤት ነው። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ከሰዓት ጫት ቤት፣ ማታ ጨብሲ። ምርቃናውን ለመስበር ተብሎ የተጀመረችው መጠጥ ቀስ በቀስ ዋናው ነገር ሆናለች። አሁን ጠዋት ተነስቶ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሻይ መያዝ የሚችለው ትንሽ አረቄ ከቀመሰ በኋላ ነው። እናት ያለቅሳሉ። አባት ዝም ብለዋል። ነገሩን የተሸከመችው እህቱ ናት፤ ዲግሪዋን ይዛ መንግሥት ቤት ገብታለች። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ የአንድ ጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ 11,500 ብር ነው። ከዚህ ላይ ግብር፣ ጡረታ፣ ኪራይ፣ ታክሲ፣ አስቤዛ ሲወጣ የሚተርፈውን እናንተው አስሉት።

ልጅቷ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳ ላይ "የሱስ ማገገሚያ አዲስ አበባ" ብላ ትፈልጋለች። የሚመጣላት ቪዲዮ፣ ምስክርነት፣ "በ21 ቀን ነጻ ይውጡ" የሚል ማስታወቂያና በውስጥ መስመር ብቻ የሚነገር ዋጋ ነው። ከቤቷ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬደው ጳውሎስ ሆስፒታል አይመጣላትም። ማስታወቂያ የለውማ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ጳውሎስ ያለው ጉለሌ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም መክፈል ለማይችለው የከተማው ሰው ታስቦ ነው። ዛሬ የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፣ የዘርፉን ሐኪሞችም ያሠለጥናል። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተጀመረና ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን በኮቪድ ጊዜ የሰማነው ኤካ ኮተቤም የአእምሮ ጤና አገልግሎት ይሰጣል። በመንግሥት በኩል በሩ ጠባብ ነው፣ ወረፋውም ያሰለቻል። ግን በር አለ። የሚያሳዝነው ብዙ ቤተሰብ ያንን በር የሚያንኳኳው ገንዘቡን ሌላ ቦታ ጨርሶ መሆኑ ነው።

ለምን? አንደኛ፣ "አማኑኤል" የሚለው ስም። ሰፈር ውስጥ "እከሌ አማኑኤል ገባ" ከተባለ ሥራውም ትዳሩም አለቀ ተብሎ ይታሰባል። ሁለተኛ፣ "ሪሃብ" ሲባል ሁላችንም የምናስበው ፊልም ላይ ያየነውን ነው፦ አጥር፣ አትክልት ቦታ፣ ሦስት ወር ተዘግቶ መቀመጥ። ሱስ ሁሉ ግን አልጋ አይፈልግም። ቤተሰቡ ስንት ይከፍላል የሚለውን የሚወስነው ይሄ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ይተኛል ወይም እንቅልፍ ያጣል፣ ዱካክ ያስቸግረዋል። ሐራራው ከባድ ነው፤ ግን ማቆሙ በራሱ ብዙውን ጊዜ ለሕይወት አያሰጋም። ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ይከታተለኛል ማለት ወይም ራሱን ለማጥፋት ማሰብ ከሌለ፣ በተመላላሽ ህክምናና በምክር ሊታገዝ የሚችል ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም የተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ይሄን ሁሉ ሰው አስተኝቶ የሚያክም አገር የለም፣ አያስፈልግምም።

አልኮል ግን ሌላ ነው። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥና ላብ ሊጀምረው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ያለበትን ቦታ መሳት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይሄ ሰው ይገድላል። ስለዚህ "ቤት ዘግተንበት እናስተወው" የሚለው የሰፈር ዘዴ ለጠጪ ሰው አደጋ ነው። ሰውየው ከተንዘፈዘፈ ወይም ከቃዠ ጠዋትን አትጠብቁ፤ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 939 የከተማው እሳትና ድንገተኛ አደጋ።

የሚገርመው፣ ለዚህ አደገኛ ሳምንት የሚያስፈልጉት ዋና ዋና መድኃኒቶች እንደ ዳያዜፓምና ቫይታሚን ቢ 1 ያሉ፣ ዓለም ላይ ለአሥርት ዓመታት የተሠራባቸው የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ብርቅ ነገር አይደሉም። ውድ የሚሆነው አልጋውና ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተለው ባለሙያ ነው። (ዳያዜፓም ከፋርማሲ ገዝቼ ራሴ ልስጠው እንዳትሉ። እሱም ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።) ትራማዶልና መሰል ክኒኖች የለመደ ሰውም በራሱ ባያቆም፣ ሐኪም ጋ ቢሄድ ይሻላል።

እና አዲሱ ገበያ ያለው ልጃችን? ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጠው? እሱ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ያቺን አንድ ሳምንት በሰላም ማለፍ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት መመላለስ። ቤተሰቡ ግን ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለአንድ ወር "ሙሉ ፓኬጅ" ከከፈለ፣ ልጁ ሲወጣ ለክትትሉ የሚቀር ሳንቲም የለም። ያገረሸበት ቀን ደግሞ "ይሄን ያህል ብር አውጥተንልህ!" ይባላል።

የግል ማዕከላትን ማጣጣሌ አይደለም። ሥራቸውን የሚያውቁ አሉ፣ የመንግሥት አልጋ በማይገኝበት ከተማ የእነሱ መኖር ስንቱን አትርፏል። ዋጋቸው በጣም ስለሚለያይ እዚህ ቁጥር አልጽፍም። ግን ማስያዣ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ የቀኑ ሂሳብ መድኃኒትና ላቦራቶሪን ይጨምራል ወይ? በሦስተኛው ቀን ጥሎ ቢወጣ ማስያዣው ይመለሳል? ሌሊት ሐኪም ወይም ነርስ አለ? ፈቃዱን ከከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አግኝቷል? ፈቃዱ የህክምና ነው ወይስ የማማከር ብቻ? ደረሰኝ የማይቆርጥ ቦታ ከሆነ ውይይቱን እዚያው ጨርሱት።

አሁን ወደ መድኑ እንመለስ። የሰፈሩ ሰው እጅ ላይ ያለው የደሞዝተኛው መድን አይደለም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይሄኛው በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ በኋላ አዲስ አበባ የደረሰ ነው። በቤተሰብ ነው የሚገባው፣ በዓመት አንዴ ይከፈላል፣ አቅም ለሌለው መንግሥት ይከፍልለታል። መንገዱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው፦ መጀመሪያ እዚያ ትታያላችሁ፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎላችሁ ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። ሪፈሩን ዘሎ ቀጥታ ጳውሎስ የሄደ ሰው ካርዱን ይዞ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ጤና ጣቢያ ስለ ሱስ ምን ያውቃል ለሚል ደግሞ፣ ከ2003 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የአእምሮ ህመምን እንዲያክሙ የማሠልጠን ፕሮግራም አለ። ከሚሠለጥኑባቸው ህመሞች አንዱ የአልኮል ችግር ነው።

ካርዱ ሱስን ይሸፍናል ወይ? ወረዳችሁ ያለውን የመድን ቢሮ ስትጠይቁ ጥያቄውን ከፋፍላችሁ ጠይቁ፦ የምርመራው፣ የመድኃኒቱ፣ የአልጋው። ምክንያቱም ሱስ ብቻውን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ጉበቱ ታሟል፣ ጨጓራው ደምቷል፣ ድብርት አለበት። እነዚህ ማንም ሰው የሚታመማቸው በሽታዎች ናቸው፣ ያ የ2005ቱ ዝርዝርም በስማቸው አላወጣቸውም። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ጋ ነው፤ ማሳቅ ካለበት። የጠጪን የተበላሸ ጉበት ለማከም መክፈል ይቻላል፤ ጉበቱ ሳይበላሽ መጠጡን እንዲያቆም ለመርዳት ግን አይቻልም። ይሄ ሂሳብ ለመድኑም ኪሳራ ነው።

"ገንዘቡ ከየት ይምጣ?" ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቲቪና ከሬዲዮ አወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ከለከለ። በ2012 ዓ.ም ደግሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ ተሻሽሎ ወጣ። ማለትም መንግሥት ከእያንዳንዱ ጠርሙስና ከእያንዳንዱ የሲጋራ ፓኮ ላይ ያገኛል። ታይላንድ ከ2001 እ.ኤ.አ ጀምሮ አልኮልና ትምባሆ ላይ 2 በመቶ ተጨማሪ አስከፍላ፣ ያንን ብር ለጤና ማስፋፊያ ብቻ የሚውል ፈንድ አድርጋዋለች። እኛ ጋ ታክሱ አለ፤ ከዚያ ወደ ህክምና አልጋ የሚወስድ መስመር ነው ያልተሠራው። ማስታወቂያውን ማንሳት ጥሩ ነበር፤ ግን ቀድሞ ለለመደው ሰው ምንም አያደርግለትም።

ገንዘቡ እስኪመጣ ሰው የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። የጉለሌ ሰው ቀና ሲል እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል። ሙስሊም ቤተሰቦችም ሩቅያ ጋ ይወስዳሉ። ይሄን በማናናቅ ማውራት ቀላል ነው፣ ግን ትክክል አይመስለኝም። ልጁን ከጫት ቤቱና ከጓደኞቹ ያርቀዋል፣ ጠዋት ይቀሰቅሰዋል፣ ከሱ ጋር አብሮ የሚታገል ሰው ያገኛል። እነዚህ የግል ማዕከል ውስጥ በብር የሚገዙ ነገሮች ናቸው። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ አቁሞ፣ ጾሞ፣ በብርድ ሲጠመቅ ያ አደገኛ ሦስት ቀን የሚያልፈው ያለ ሐኪም ነው። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱን "ጠበል ላይ ነህ" ተብሎ ሲጥል ነው። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ለኤችአይቪ ታካሚዎች ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር ነው፣ አይጋጩም የሚል መልእክት አስተላልፈው ነበር። ያ ቃል ለአልኮልም ቢደገም የሚጎዳ ሰው የለም። ሐኪም ያያት የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከዚያ እንጦጦ። ለምን አይሆንም?

ስለ እድርም አንድ ነገር። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ለቀብር የሚሰጠው ብር አለው። ልጁ ቢሞት በማግስቱ ሁሉም ይመጣል። ሳይሞት ለማከም ግን ብዙው እድር ደንቡ ላይ አንቀጽ የለውም። ከመንግሥት ደንብ ይልቅ ይሄኛውን ማሻሻል ይቀላል፤ አንድ የእሁድ ስብሰባ ነው። አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል መርዳት ጀምረዋል። የናንተስ?

እህትየው እስካሁን የጠየቀችው አራት ቦታ ነው፣ አራቱም የግል። እቁቧ የሚደርሳት ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ እጣ ቀይሩኝ ልትል እያሰበች ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ የመድን ካርዱን ይዛ፣ ወንድሟን ቀስቅሳ ወረዳው ጤና ጣቢያ ልትሄድ ትችላለች። እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ወንድም ካወራችው ይሄዳል፣ ቢያንስ ከአረቄው በፊት ባለችው አንድ ሰዓት። ባለሙያው ጋ ሲገቡ ማለት ያለባት ነገር ግልጽ ነው፦ በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንዘፍዝፎ ያውቅ እንደሆነ፣ ሌላ ምን እንደሚወስድ። አሳፍሮት ቢቀንስ እሷ ታርመው። ሪፈር ስትቀበል ማህተሙን ትይ፤ ማህተም የሌለው ወረቀት ካርድ ክፍል ላይ ይመልሳታል።