መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች፦ የአቋም መግለጫ

እኛ በአየር ጤናና በአካባቢው ባሉ የጤና ተቋማት የምናገለግል ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ስለደቀኑት አደጋ በማኅበራችን ከመከርን በኋላ የሚከተለውን የአቋም መግለጫ አውጥተናል።

ለአቋማችን መነሻ የሆኑ ጉዳዮች

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ ጥናት ይህ ቁጥር 33 ሆኖ ተገኝቷል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ሲቀንስ፣ የመጀመሪያው ወር ሞት ግን በዚያው መጠን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 ጥቁር አንበሳን፣ ቅዱስ ጳውሎስንና ጋንዲን ጨምሮ በአምስት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት ከ10 ሦስቱን ያህል የቀጠፈው ኢንፌክሽን መሆኑን አሳይቷል።

ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በሰባት አገሮች በተደረገ ሌላ ጥናትም ተሳትፏል። በዚህ ጥናት በጨቅላ ሕፃናት ደም ውስጥ ጎልቶ የተገኘው ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሐኪም በመጀመሪያ የሚያዝዛቸው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን በጥምር ሊያሸንፏቸው የቻሉት ከተመረመሩት ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ከ10 ሦስት የማይሞሉትን ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ሜሮፔነምን የመሳሰሉ የካርባፔነም መድኃኒቶችን የተላመዱትን፣ ክሌብሲዬላ የሚመደብባቸውን የአንጀት ባክቴሪያዎችና አሲኔቶባክተር የተባለውን ባክቴሪያ እጅግ አሳሳቢ ከሚላቸው ተርታ መድቧቸዋል።

ክሌብሲዬላ እርጥበት ይወዳል። የእጅ መታጠቢያው ጉድጓድ፣ የሳክሽን ቱቦው፣ የኦክስጅን ማርጠቢያው ውሃ፣ ለብዙ ሕፃናት በተደጋጋሚ የሚቀዳበት የመድኃኒት ብልቃጥ ሁሉ ይመቹታል። ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ የእኛው እጅ ነው። ውሃ ሲቋረጥ፣ በአንድ ማሞቂያ ላይ ሁለት ሦስት ሕፃናት ሲተኙ፣ አንዲት ነርስ ከአቅሟ በላይ ስትሸከም መተላለፉ ይፋጠናል። ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) በሌለበት ክፍል ሐኪሙ የባክቴሪያውን ማንነት ሳያውቅ ከጄንታማይሲን ወደ ሴፎታክሲም፣ ከዚያም ወደ ሜሮፔነም ይሻገራል። በእያንዳንዱ እርምጃ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ የተላመደው ይተርፋል፤ ለቀጣዩ ሕፃንም ይደርሳል።

ስለሆነም አቋማችን፦

1. ጠንካራ መድኃኒት የውሃን፣ የሰው ኃይልንና የላቦራቶሪን ቦታ ሊተካ አይችልም። ሜሮፔነም የሚታዘዝበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሁሉ በቅድሚያ የማይቋረጥ ውሃ፣ በየአልጋው የአልኮል እጅ ማጽጃና በአግባቡ የሚጸዳ ሳክሽን ሊኖረው ይገባል።

2. ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰድ። «ሕፃኑ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ውጤት አይጠበቅም» የሚሉ ባልደረቦቻችን እውነት አላቸው፤ ደሙ እንደተወሰደ ሕክምናው ወዲያው ይጀመር። ከ48 ሰዓት በኋላ ግን ሐኪሙ ውጤቱንና የሕፃኑን ሁኔታ አይቶ መቀጠል፣ መቀየር ወይም ማቆም እንዳለበት በካርዱ ላይ ይጻፍ።

3. ሜሮፔነምን ለሁሉም እንዳሻ መስጠትንም፣ ለሚያስፈልገው ሕፃን በቁልፍ ይዞ መከልከልንም እንቃወማለን። ውሳኔው በከፍተኛ ሐኪም ይጽደቅ፤ መድኃኒቱም ከተቋሙ ይቅረብ እንጂ አባት ሌሊት ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት እየዞረ አይፈልገው።

4. ሕፃናትን ከኢንፌክሽንም የሚከላከለው ካንጋሮ እንክብካቤ እንደ ትርፍ አገልግሎት መታየቱ ይቅር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ከእናት ደረት ጋር ሲታቀፉ ሞታቸው በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። እናት ለልጇ ጠያቂ ሳትሆን የሕክምናው አካል ናት፤ አልጋ ይሰጣት።

5. በአንድ ክፍል ተመሳሳይ ባክቴሪያ በተከታታይ ሲገኝ ክፍሉ ለተቆጣጣሪው አካል ወዲያው ያሳውቅ፤ ለወላጆችም እውነቱ ይነገር። ያሳወቀ ክፍል የሚያገኘው እገዛ እንጂ ቅጣት መሆን የለበትም። ቅጣት የሚፈራ ክፍል ይደብቃል፤ የተደበቀ ወረርሽኝም ይሰፋል።

6. ሕፃን ሪፈር ሲባል የወሰዳቸው መድኃኒቶችና የካልቸር ውጤቱ አብረውት ይጓዙ። አየር ጤና የጅማ መንገድ መግቢያ ናት። ከሰበታ አቅጣጫ የሚመጡ አምቡላንሶች በዚሁ ያልፋሉ፤ ስለዚህ የአንዱ ሆስፒታል ባክቴሪያ የሌላውም ጉዳይ ነው።

7. ፀረ ባክቴሪያ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ይቁም። ለዚህም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ላይ ይዋል።

በመሆኑም የአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች ነርሶችን የሕፃናቱን ቁጥር መሠረት አድርጎ እንዲመድብ፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የካልቸር ጠርሙስና ግብዓት እንዳይቋረጥ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። በአለርት ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ከኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ሆኖ ካልቸር ለሌላቸው የአካባቢያችን ተቋማት ናሙና የሚላክበትን መንገድ እንዲያመቻችም እንጠይቃለን። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ስለ መድኃኒት መላመድ ባጸደቀው መግለጫ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 የጤና ተቋማት ሁሉ መሠረታዊ ውሃና ንጽህና እንዲኖራቸው ግብ አስቀምጧል። አገራችንም የዚህ ግብ ባለዕዳ ናት።

እኛም በበኩላችን የሕመም ምልክት ለሌለው ሕፃን «ለማንኛውም» ብለን ፀረ ባክቴሪያ ላለማዘዝ፣ በየክፍላችን የእጅ ንጽህና ልኬት ለማካሄድና ውጤቱን፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ በየሦስት ወሩ ወላጆች በሚያዩት ቦታ ለመለጠፍ ተስማምተናል።

አየር ጤና፣ አዲስ አበባ