አብነት ይዞ መሥራት ኩረጃ ነውን?

በዚህ ዘመን አንድ ተማሪ የኢንተርኔት አገልግሎት ለማቆም ሲነሣ ከባዶ ገጽ አይጀምርም። ሌሎች አስቀድመው ያሰናዱትን አብነት፣ ማለት ፋይሎቹ ተደርድረው ትእዛዞቹ ተጽፈው የሚገኙበትን ንድፍ፣ ይወስዳል፤ ስሙን ለውጦ ሁለት ሦስት ትእዛዝ ይሰጣል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላም አገልግሎቱን ለዓለም ይከፍታል። ስለዚህ ነገር በመካከላችን ሁለት ዓይነት አሳብ ይሰማል። አንዳንዶች «ይህ ኩረጃ ነው፤ ተማሪ ሁሉን በገዛ እጁ ይጻፍ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ከሠራ ምን ቸገረን? ውስጡን መመርመር ጊዜ ማጥፋት ነው» ይላሉ። እኔ ሁለቱም ወገኖች የእውነትን ግማሽ ብቻ ይዘዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ነገሩ ምን እንደ ሆነ በተለይ ለወላጆቻችን መግለጽ ይገባል። ኮንቴይነር ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ሞጆ የሚራገፈውን፣ ኋላም በየሰፈሩ ሱቅ የሚሆነውን የብረት ሣጥን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት ነጋዴ አይዲል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ሣጥኖች ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። የጥበቡ ቁም ነገር ዕቃው አንድ ጊዜ ከታሸገ በኋላ ከመኪና ወደ መርከብ ሲዛወር መፈታት የማያስፈልገው መሆኑ ነበር። በ2013 ደግሞ ሰሎሞን ሃይክስ ዶከር የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ይኸው አሳብ በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ ተስፋፋ። ፕሮግራሙ ከሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሁሉ ጋራ በአንድነት ይታሸጋል፤ የታሸገውም ኢሜጅ ይባላል። ስለዚህ «በእኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ በአንተ ላይ ግን እምቢ አለ» የሚለው የቆየ ክርክር በብዙ ቀነሰ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ዶከርፋይል የሚባል አጭር ጽሑፍ አለ። የመጀመሪያው መስመር ሥራው በየትኛው መሠረት ላይ እንደሚቆም ይናገራል፤ ለምሳሌ በፓይተን 3.12 ላይ። የሚቀጥሉት መስመሮች ፋይሎቹን ይገለብጣሉ፤ የሚያስፈልጉትንም መሣሪያዎች ይጭናሉ። የመጨረሻው መስመር አገልግሎቱ ሲነሣ የሚሰጠውን ትእዛዝ ይዟል። ከዚያ በኋላ «ቢልድ» ሲባል ኢሜጁ ይታሸጋል፤ «ረን» ሲባል ሥራውን ይጀምራል፤ በዚያም ጊዜ የውጭው በር ቁጥር፣ 8080 እንበል፣ ከውስጠኛው በር ከ8000 ጋራ ይገናኛል። አብነቱ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ ያስረክበናል።

እንግዲህ ይህ ኩረጃ ነውን? አይደለም። አብነት የሚለው ቃል ራሱ መልሱን ይሰጠናል። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩን እየተከተለ ይጀምራል፤ በዚህ የሚነቅፈው የለም። በቅኔ ቤትም የመምህሩን ቅኔ እየሰማ መንገዱን ያጠናል። ነገር ግን በዚያ አይቀርም፤ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማልም። አብነት መነሻ ነው፤ መድረሻ ግን አይደለም። ሁሉን ከባዶ ይጻፍ የሚሉትም ቢሆኑ ፓይተንን ወይም ሊኑክስን ራሳቸው እንዳልጻፉ ሊያስታውሱ ይገባል።

ለሁለተኛው ወገን ያለኝ መልስ ግን ከዚህ የጠነከረ ነው። አብነት የተጻፈው ለሁሉም ሰው ስለ ሆነ ለማንም በልኩ የተሰፋ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ለሙከራ ተብሎ የተጻፈ የይለፍ ቃል አለበት፤ ያን ቃል አብነቱን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። የይለፍ ቃል በአንድ መስመር ወደ ኢሜጁ ከተገለበጠ በኋላ በሚቀጥለው መስመር ቢሰረዝም በታችኛው ድርብ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል። ተጠቃሚ ካልተወሰነ ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ በኮንቴይነሩ ውስጥ የበላይ ሥልጣን ይዞ ይሠራል። ለመረጃው ከውጭ ማኖሪያ ካልተሰጠ ኮንቴይነሩ በተወገደ ቀን የተመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በዚያ አገልግሎት ላይ የተማሪዎች ስምና ውጤት፣ የወላጆችም ስልክ ቁጥር ተመዝግቦ እንደ ሆነ «ከሠራ ምን ቸገረን?» ማለት በሰው ንብረት መቀለድ ነው።

በታኅሣሥ 2021 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ሎግፎርጄ በተባለ የጃቫ መሣሪያ ውስጥ ከባድ ቀዳዳ መኖሩ በይፋ ታወቀ። መሣሪያው በሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ፣ ብዙ ድርጅቶች በመጀመሪያ የተጨነቁት ስለ ጥገናው ሳይሆን «በእኛ ዘንድ አለ ወይስ የለም?» በሚለው ጥያቄ ነበር። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ዝርዝር የሚያውቅ ሰው መሠረቱን አድሶ እንደገና ያሽጋል። ዝርዝሩን የማያውቅ ግን የቱን እንደሚጠግን እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ስም የሚከፈት ማናቸውም አገልግሎት ሦስት ነገሮችን እንዲያሟላ አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሠሪው ከመክፈቱ በፊት የዶከርፋይሉን እያንዳንዱን መስመር በመምህርና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያስረዳ፤ ማስረዳት ያቃተው መስመር እስኪገባው ድረስ አገልግሎቱ አይከፈት። ሁለተኛ፣ ከአብነቱ የተለወጠው ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉ የሚቀመጥበት ስፍራና የመረጃው ማኖሪያ ጭምር፣ በደብተር ይጻፍ፤ የይለፍ ቃሉ ራሱ ግን አይጻፍ። ሦስተኛ፣ መሠረቱን በየጊዜው የሚያድስ ጠባቂ ይሾም። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ እንሄዳለን፤ አገልግሎቱ ግን ይቀራል። ጠባቂ የሌለው አገልግሎት በሩ ሳይዘጋ እንደ ተተወ ቤት ነው፤ ስለዚህ ተረካቢ ካልተገኘ ይዘጋ።

ይህ ሥራን ያዘገያል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ የአንድ ከሰዓት በኋላውን ሥራ የአንድ ሳምንት ያደርገዋል። ነገር ግን እኛ ወደ ትምህርት ቤት የመጣነው ትእዛዝ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን፣ የምንሰጠው ትእዛዝ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። ጓደኞቼ ሆይ፤ አብነቱን ያለ ኀፍረት እንውሰድ፤ ከመክፈታችን በፊት ግን እናንብበው።