ስለ ምድጃ እሳትና ስለሚያደርሰው ጉዳት

እሳት ለሰው ልጅ ከተሰጡት በረከቶች አንዱ ነው፤ እንጀራው የሚጋገርበት፥ ወጡ የሚበስልበት፥ የደጋው ብርድ የሚመከትበት እርሱ ነውና። ነገር ግን ጠባቂው ዓይኑን ባነሣ ጊዜ አገልጋይነቱን ትቶ ጠላት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በዓለም ላይ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሀብታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ሳይሞት ቀርቶ ጣቱ ተጣብቆ ወይም ፊቱ ተበላሽቶ ዕድሜውን የሚገፋው ከዚህ ቍጥር ውጭ ነው።

ነገሩ ይህን ያህል የከበደ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያየው እንደ መብረቅ ነው። ሕፃን ምድጃ ላይ ወድቆ በተቃጠለ ጊዜ፥ ቀኑ ደርሶ ነው ይባላል፤ እናቲቱ ታለቅሳለች፥ ጎረቤት መጥቶ ያጽናናል፥ ጉልቻው ግን በነበረበት ስፍራ ይቀራል። በሚመጣውም ዓመት በዚያው ቤት ወይም በጎረቤቱ ሌላ ሕፃን ይወድቅበታል። በአንድ ዓይነት ስፍራ፥ በአንድ ዓይነት ሰዓት፥ በአንድ ዓይነት ሰው ላይ የሚደጋገም ነገር ግን ድንገተኛ ሊባል አይገባውም፤ ምክንያት አለውና፥ ምክንያት ያለው ነገር ደግሞ ይመረመራል።

ዊልያም ሃደን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የአገሩን የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ እንዲመራ የተሾመው፥ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ጉዳት ማለት አካል ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሆነ ኀይል ወደ አካል መድረስ ስለ ሆነ፥ ከመድረሱ በፊት፥ በሚደርስበት ጊዜና ከደረሰ በኋላ ምን ሊደረግ እንደሚቻል በየተራው መጠየቅ ይገባል አለ። ለመኪና የተባለው ለምድጃም ይሆናል።

የባላገሩን ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ሦስቱ ጉልቻ የተተከለው በመሬት ላይ ነው፤ እየዳኸ ያለ ሕፃንም የሚሄደው በዚያው መሬት ላይ ነው። በእሳቱና በልጁ መካከል አንድም ነገር የለም። ቡና የተጣደበት ጀበና፥ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት፥ በሳጥን ላይ የተቀመጠ ኩራዝ ኹሉም የልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ናቸው። ሙቀቱ 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ፥ ይኸውም ገና ያልፈላ፥ የጐልማሳን ቆዳ በ5 ሴኮንድ ያህል ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከዚያ ይልቅ ስስ ነው። እናቲቱን፥ ለምን አልጠበቅሽም፥ ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው። ነገር ግን ውሃ የምትቀዳ፥ እንጨት የምትለቅም፥ እንጀራ የምትጋግር፥ ሌላውንም ልጅ በጀርባዋ ያዘለች አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ሳታርፍ እንድትጠብቅ መጠየቅ፥ መከላከያ ሳያበጁ ፍርድ መስጠት ነው።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ተብሎ ይተረታል። ስለ ወጡ እውነት ነው፤ ስለ ልጁ ግን አይደለም። ምድጃውን ከመሬት ከፍ ማድረግ፥ ዙሪያውን በጭቃ ወይም በድንጋይ መከለል፥ ማእድ ቤቱን ከመኝታው በአጥር መለየት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ምርጥ ተብሎ የሚጠራው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ እንጨት እንዲቆጥብ ታስቦ የወጣ ቢሆንም፥ ነበልባሉን በዙሪያው ስለሚዘጋው ለዚህም ጉዳይ ይጠቅማል።

በዚህ ነገር ካህናት ከማንም ይልቅ የሚያስተምሩበት ቃል በእጃቸው አለ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ያዝዛል፤ የዚያ አገር ጣራ ሰው የሚመላለስበት ደልዳላ ነበርና። ሕጉ የወደቀውን ሰው፥ ለምን አልተጠነቀቅህም፥ ብሎ አልጠየቀም፤ የቤቱን ጌታ ጠየቀ እንጂ። በሣር ክዳን ቤት መከታ የሚያሻው ጣራው ሳይሆን ምድጃው ነው።

ይልቁንም የሚያሳዝነው በሚጥል በሽታ የተያዙት ሰዎች ነገር ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ያደረጉት፥ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፥ ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 በዚህ በሽታ የሚሠቃዩ መሆናቸውን ገለጸ፤ ከእነርሱም በእሳት የተቃጠሉ ነበሩበት። በሽታው በንክኪ ይተላለፋል የሚል አሳብ በብዙ ስፍራ ስላለ፥ ሰው እሳት ውስጥ ወድቆ እያዩ እንኳ እጃቸውን ለመዘርጋት የሚፈሩ አይታጡም። በሽታው ግን በንክኪ አይተላለፍም፤ መድኀኒትም አለው፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። አባቱ ወደ ጌታ ያመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውሃ ይወድቅ እንደ ነበር ወንጌል ይናገራል፤ ከእሳቱ እንዳታወጡት የሚል ቃል ግን በየትም አይገኝም። ወደ ጸበል የሚመጣውን ሕመምተኛ ካህኑ፥ ክኒንህን አታቋርጥ፥ ከምድጃም አጠገብ ብቻህን አትቀመጥ፥ ቢለው ከጸሎቱ የሚጎድል ነገር የለም።

ጉዳቱ ከደረሰም በኋላ የተቃጠለውን አካል ወዲያው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ቅቤም፥ ሊጥም፥ ጭቃም መቀባት ቍስሉን ያባብሰዋል።

ለሹማምንቱ የሚቀረው ሥራ ማወቅ ነው። በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ ቃጠሎ የሚል ቃል ብቻ ቢጻፍ፥ ቍስሉን ይናገራል እንጂ የመጣበትን መንገድ አይናገርም። በአዲስ አበባ በኤውሮጳ አቆጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የሚቀበሩትን ሰዎች የመመዝገብ ሥራ ተቋቁሞ ስለ ኤድስ ሞት ለተደረገው ጥናት ታላቅ እርዳታ ሰጥቷል፤ ከመካነ መቃብሮቹም ብዙዎቹ የአብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ያው ብዕር ስለ እሳትም ሊጽፍ ይችላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የተጎዳው ሰው ዕድሜ፥ ሰዓቱ፥ የቤቱ ክፍል፥ ያቃጠለው ነገር፥ በአጠገቡም ማን እንደ ነበረ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ የሚያስተምሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ምድጃውን በዓይናቸው ያያሉና ይህን ለመጻፍ ይቀርባቸዋል። የወረዳውም ሹም የዓመቱን መዝገብ በመስከረም ቢመለከተው፥ በየትኛው ቀበሌ ስንት ሕፃናት በየትኛው ዓይነት ምድጃ እንደ ተቃጠሉ በእጁ ይዞ፥ ሲሚንቶውንና ግንበኛውን አስቀድሞ ወዴት እንደሚልክ ያውቃል።