ካቻቢቴን ማን ሸመደደው?

ፒያሳ ካፌ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ወጣት ካያችሁ ወይ እየጸለየ ነው፣ ወይ ቦካቡላሪ እየሸመደደ ነው። ሁለተኛው ይበዛል። ድሮ በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ዝርዝር ዛሬ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል። መልኩ ግን ያው ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ኦብስቲኔት፣ ግትር። ሜላንኮሊ፣ ትካዜ። ማግናኒመስ፣ ልበ ሰፊ። አስሩን ይሸመድድና ማኪያቶውን ጨልጦ ይወጣል። ነገ ሌላ አስር። በዓመት 3,650 ቃል መሆኑ ነው። ሒሳቡ ቀሽት ነው። ጭንቅላት ግን እንደ ቁጠባ ሣጥን አይደለም፤ የከተታችሁት ሁሉ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም።

ይህን የምጽፈው ልጆቹ ላይ ሙድ ለመያዝ አይደለም። ለምን እንደሚሸመድዱ ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ወንፊትም ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስትገቡ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ለሥራ ስትቀርቡ ደግሞ አማርኛ አፋቸውን የፈቱ ሦስት ሰዎች፣ አማርኛ አፉን የፈታ አንድ ልጅ ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው በእንግሊዝኛ ያፋጥጡታል። ውድ ትምህርት ቤት የተማረው ባያውቅም ይናገራል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ልጅ ቢያውቅም ዝም ይላል። ማታ ማታ ዝርዝር ይዞ የሚያመሸው ይኸው ዝም ያለው ልጅ ነው። አንድ ቀን አንድ ከባድ ቃል ጥሎ አፋቸውን ሊያስይዛቸው ያስባል። ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ድፍረቱንም እዚያ ዝርዝር ላይ አስይዟል። ለዚህ ነው ዝርዝሩ ሲያታልለው ዝም ብዬ ማየት የማልችለው።

እስቲ ከሰፈራችን እንጀምር። ፒያሳ ራሱ የውሰት ስም ነው። ማኪያቶ የውሰት ነው። ፌርማታ፣ ሊስትሮ የውሰት ናቸው። ጋራዥ ከገባችሁ ደግሞ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ እያለ ነፍ ቃል ይቆጠርላችኋል። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቃሎቹን ትቷቸው ሄደ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ካቻቢቴን ማን ሸመደደው? ማንም! መኪና ሥር የተኛው መካኒክ "ካቻቢቴ አቀብለኝ!" ብሎ ጮኸ፤ ልጁ መፍቻ አቀበለው፤ ተሰደበ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተም። ቃሉ ከብረቱ ጋር፣ ከዘይቱ ሽታ ጋር፣ ከስድቡ ጋር ገባ። እንዲህ የገባ ቃል ደግሞ አይወጣም።

ጥሩ ልብ ወለድ እንደዚያ ጋራዥ ነው። ኦብስቲኔት ዝርዝር ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ ማንም የለም። ልብ ወለድ ውስጥ ግን ልጁ እያለቀሰች የምትለምነው፣ ጎረቤት የሚመክረው፣ እሱ ግን ከወንበሩ ፈቀቅ የማይል አንድ አባት ይመጣል። ያን ሰውዬ ካወቃችሁት ቃሏን መሸምደድ አያስፈልጋችሁም፤ እሱ ትዝ ሲላችሁ እሷም አብራ ትመጣለች።

ይህን ከሁሉ በላይ ያወቀው የቃላት ንጉሡ ራሱ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ላይ ያሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 42 ሺህ ገደማ ቃላት ነበሩት። ሰውዬው ግን ፍቺ ብቻ ጽፎ አላለፈም። ከሼክስፒር፣ ከሚልተን፣ ከድራይደንና ከሌሎች ጸሐፊዎች ከመቶ ሺህ በላይ ጥቅሶች ለቅሞ ቃሎቹን በዓረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ አሳየ። መዝገበ ቃላት የሚጽፈው ሰው እንኳ ቃልን ብቻዋን ማስቀመጥ ከብዶታል ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይኸው ጆንሰን ከእኛም ጋር ጉዳይ ያለው ሰው መሆኑ ነው። ገና በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የአባ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። እ.ኤ.አ. በ1759 ደግሞ "ራሴላስ" የሚለውን ልብ ወለድ አወጣ፤ የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በሳምንት ያህል ጊዜ ማታ ማታ ጽፎ ጨረሰው ይባላል። ባለ ታሪኩ የሐበሻ ልዑል ነው፤ የተዘጋበት የተድላ ሸለቆም አማራ ምድር ውስጥ ነው። ጆንሰን አገራችንን በእግሩ ረግጧት አያውቅም። መጽሐፉን ኋላ ላይ ወደ አማርኛ የመለሰው ኦክስፎርድ የተማረው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው። እንግዲህ የእንግሊዝኛን ከባድ ቃል ከክላሲክ ልማር ለሚል የአዲስ አበባ ልጅ ከዚህ የቀረበ በር የት ይገኛል? ስለ ራሱ አገር የተጻፈ፣ አጭር፣ በከባድ ቃል የታጨቀ፣ አማርኛውም ያለ። ዝርዝሮቹ ላይ ግን ስሙን አይቼ አላውቅም።

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው የአድዋ ጎዳና ላይ አርቲስቲክ የሚባል ህንፃ አለ። ብዙ የአዲስ አበባ አንባቢ እንግሊዝኛ የተዋሰበት የብሪቲሽ ካውንስል ቤተ መጻሕፍት የነበረው እዚያ ነው። አርቲስቲክ የሚለው ስም ለማተሚያ ቤቱም ነው። ያ ማተሚያ ቤት ደግሞ የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948፣ የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አትሟል። አንዱ ስም ሥር በአንድ ወገን ዲከንስ ይዋሳሉ፤ በሌላ ወገን የአማርኛና የግዕዝ ቃል ሙሉ ሀብት ይታተማል። የእኛ ሽምደዳ የሚያየው የመጀመሪያውን ወገን ብቻ ነው።

ሰፈሩ ዛሬ ያ ሰፈር አይደለም። ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። መጽሐፍ የለም ብሎ ማመካኘት ግን አሁን አይቻልም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ኪሎ ላይ አለ። የመብት ዘመናቸው ያለፈባቸው ክላሲኮች ደግሞ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ ይወርዳሉ፤ ያው ቴሌግራም በሚከፍተው ስልክ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ክላሲክ አንብቦ ቃሉን እንዳለ ወደ አፍ መክተት አደጋ አለው። ጄን ኦስተን "ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ" ውስጥ ያ አሽቃባጭ ቄስ፣ ሚስተር ኮሊንስ፣ የእመቤቲቱን "ኮንዲሴንሽን" እያደነቀ አይጠግብም፤ ያን ጊዜ ቃሉ ትልቅ ሰው ዝቅ ብሎ ሲያነጋግራችሁ ማለት ነበረ፤ ምስጋና ነው። ዛሬ አለቃችሁን በዚህ ቃል ብታመሰግኑት ንቀኸኛል ማለታችሁ ነው። "ዋንት" የሚለው ተራ ቃል ድሮ ብዙ ጊዜ መፈለግ ሳይሆን ማጣት ነው። "ካውንተናንስ" ፊት ነው፤ ዛሬ ግን ፊቱን "ካውንተናንስ" ብሎ የሚጠራ ፈረንጅ ታክሲ ውስጥ አታገኙም። (ሸርሎክ ሆምስ ላይ ሰው ድንገት ሲናገር የሚገባ አንድ ግስ አለ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ ስትደርሱበት ብቻችሁን ሳቁ።) ዝርዝሩ እነዚህን ሁሉ ከዛሬዎቹ ቃላት ጋር በአንድ ሰልፍ ያቆማቸዋል፤ ዕድሜያቸውን አይነግራችሁም። ከዚያ የሥራ ማመልከቻ ላይ "አይ ቢሲች ዩ" ብሎ የሚጽፍ ልጅ ይመጣል። ቀጣሪው "እማጸነዎታለሁ" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምን ያስባል? የሚማጸን ሰው ነው እንጂ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ነው አይልም።

ታዲያ ቃል እንዴት ይገባል? ለእኔ መልሱ ያለው ነቢይ መኮንን ጋ ነው። ነቢይ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ" ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት አልነበረም፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ብርማ ወረቀት ላይ ነው። 3 ሺህ ገደማ ቁራጭ ወረቀት ፈጀ፤ ተደብቆ ወጣ፤ በኋላም "ነገም ሌላ ቀን ነው" ተብሎ ታተመ። እንግሊዝኛው ሲወጣ ከሺህ ገጽ በላይ የነበረ መጽሐፍ ነው! እስቲ አስቡት። ብርማ ወረቀት ላይ የሚጽፍ ሰው ቃል ማባከን አይችልም። የማያውቃትን ቃል "በአገባቡ ይገባኛል" ብሎ መዝለልም አይችልም፤ ምክንያቱም በአማርኛ አንድ ነገር መጻፍ አለበት። ተርጓሚ ማለት ቃል አውቃለሁ ብሎ ማጭበርበር የተከለከለ አንባቢ ማለት ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን በአማርኛ ሲያናግረውም፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ዲከንስን ሲያመጣልንም እዚያው አጣብቂኝ ውስጥ ገብተው ነው የወጡት። ሣህለ ሥላሴ ደግሞ በእንግሊዝኛም የጻፈ ሰው ነው፤ "ዘ አፈርሳታ" እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሞለታል። አማርኛው ከእንግሊዝኛው አላገደውም።

አውቃለሁ፣ "ሽምደዳ እኮ ባህላችን ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ ይሸመድዳል፤ ነፍ ግስ። ግን የተከተለውን ተመልከቱ። ተማሪው በግሱ አይፎክርም። ጥግ ይዞ በያዘው ቃል የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ የኔታም ያቃኑታል። ሽምደዳው ከሥራው ተለይቶ አያድርም። እኛ የወሰድነው ሽምደዳውን ብቻ ነው፤ ቆጠራውን ትተነዋል፤ የኔታንም ትተናቸዋል።

ደግሞ ሳናውቀው ከዚያው ቤት የወረስነው ጥቅም አለ። የእንግሊዝኛ ከባድ ቃላት አብዛኞቹ ከላቲን የመጡ ናቸው፤ ለእንግሊዝኛ ላቲን ማለት ለአማርኛ ግዕዝ እንደማለት ነው። ነገረ፣ ነጋሪ፣ ንግግር፣ ተናጋሪ፣ አነጋጋሪ ብሎ በአንድ ሥር ቤተሰብ የሚቆጥር ሰው "ኤሎክወንት"፣ "ሎክወሺየስ"፣ "ሶሊሎኪ" የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለማየት አይቸገርም፤ ሦስቱም ከመናገር ይወለዳሉ። አንደበተ ርቱዕ፣ ለፍላፊ፣ ለራስ የሚነገር ንግግር። ሦስት ቃል በአንድ ዋጋ። ይህን የሚያሳይ ዝርዝር ቢኖር ይቅር እለው ነበር።

እኔ ብሆን (ማንም አልጠየቀኝም) አንድ መጽሐፍ እይዛለሁ። ገጹ ሁሉ የማላውቀው ቃል ከሆነ ለዓመቱ አስቀምጬው ቀለል ያለ እጀምራለሁ፤ የኦርዌል "አኒማል ፋርም" በምንም አይናቅም። የማላውቃት ቃል መጀመሪያ ስትመጣ አልፋታለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ከመጣች ትፈልገኛለች ማለት ነው፤ ያኔ መዝገበ ቃላቱን እከፍታለሁ። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጡት እንግሊዝኛ-አማርኛ አሁንም ያገለግላል። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ፣ ሰዎቹ ሁሉ እንዳሉበት፣ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። ለማሳተም አይደለም፤ ለእናቴ ባነብላት የምትረዳው ዓይነት አማርኛ እስኪሆን ነው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቃል ቢሆን ነው። የቴሌግራሙ ልጅ በዚያ ጊዜ ሰባ አድርሷል፤ ያድርስ።

ለምሳሌ "ዊስትፉል"ን ይዤ ከረምኩ። ዝርዝሩ "ናፋቂ" ይላታል። አይደለችም። ናፍቆት የሚናፈቅ ሰው ይፈልጋል፤ ይህቺ ግን በመስኮት የምታየው ልጅ ምን እንደጎደላት እሷም በትክክል አታውቀውም። ትካዜ ይከብዳታል። ሆድ መባስ ቂም ቢጤ አለበት። እስካሁን የቀረበልኝ "ሆዷ ባባ" የሚለው ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። የተሻለ ያለው ሰው ካለ ፒያሳ እንገናኝ፤ ማኪያቶው በእኔ ነው።