ባሕር ሲኮመጥጥ

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ምላስን የሚቈነጥጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ መሆኑ የታወቀ ነው። ይኸው ጋዝ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ቀላል አሲድ ይሆናል። በዓለም ውቅያኖሶች ላይ የደረሰውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ሰው ከሰል፣ ቤንዚንና ናፍጣ እያነደደ ወደ ሰማይ ከሚሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ባሕር ይጠጣዋል።

ይህ የባሕር ውለታ ለብዙ ዘመን እንደ ነጻ ስጦታ ሲቈጠር ኖሯል። ዳሩ ግን ዋጋ የሚከፈልበት ሆኖ ተገኝቷል፤ ከፋዮቹም ጭሱን ያላጨሱት፣ ዛጎል ለብሰው የሚኖሩት ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው። ዛጎል በባሕርዩ እንደ ኖራ ድንጋይ ነው። ፍጥረቱ ካልሲየምና ካርቦኔት የሚባሉትን ከውሃው እየለቀመ ቤቱን ይገነባል። አሲዱ ሲበዛ ግን ሃይድሮጂኑ ካርቦኔቱን ቀድሞ ይይዘዋል፤ ግንበኛው ድንጋይ ያጣል፤ ሲብስም የተሠራው ግንብ ራሱ ይሟሟል።

ባሕር ኮመጠጠ ሲባል እንደ ሎሚ ሆነ ማለት አይደለም። ፒኤች በተባለው መለኪያ ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት 8.2 ገደማ የነበረው ዛሬ 8.1 ገደማ ነው። ቍጥሩን ላየው ኢምንት ይመስላል፤ ሆኖም መለኪያው አንድ ሙሉ ደረጃ ሲወርድ አሲድነቱ ዐሥር እጥፍ ስለሚያድግ፣ ያቺ ጥቂት ልዩነት ከሩብ የሚበልጥ ጭማሪ ናት።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ፣ ኦሪገን በሚባለው ግዛት፣ በኔታርትስ ወሽመጥ ዳር ያለውን የዊስኪ ክሪክ መፈልፈያ ይመልከት። በዚያ የሚፈለፈለው ኦይስተር የሚባለው፣ ሁለት ክዳን ያለውና ለምግብ የሚሸጠው ዛጎል ለባሽ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 እጮቹ በብዛት እያለቁ ጣቢያው ሊዘጋ ደረሰ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ባክቴሪያ ነበር። ኋላ ከኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሲመረመር ግን ገዳዩ ውሃው ራሱ ሆነ፤ ነፋስ ከጥልቁ የሚያወጣው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። ይህም ምርመራ በ2012 ታትሟል። እጩ የመጀመሪያ ዛጎሉን የሚሠራው እንቍላሉ ከዳበረ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ፣ ከእንቍላሉ ባገኛት ስንቅ ነው፤ በዚያች ሰዓት ውሃው ከከፋበት ስንቁን በግንባታው ይጨርስና ይሞታል።

ባለ ጣቢያዎቹስ መላ አገኙ፤ ውሃውን በመሣሪያ እየለኩ ሶዳ አሽ ይጨምሩበታል፤ በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ የሚገኘው ዓይነት መሆኑ ነው። ብልኀቱ ያስመሰግናል። ነገር ግን «ሳይንስ መላ አያጣም፣ ስለ ጭሱ ምን አስጨነቀን» የሚል ሰው ቢኖር፣ ይህ የገንዳ መድኃኒት እንጂ የባሕር መድኃኒት እንዳልሆነ ልንነግረው ይገባል። በዚያው ጠረፍ ለሳልሞን ዓሣ ቀለብ የሚሆኑት፣ የባሕር ቢራቢሮ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎች ዛጎላቸው እየሟሟ መገኘቱ በ2014 ተገልጿል። ለእነርሱ ማን ሶዳ ይበትንላቸዋል?

መንግሥታት በ2015 ባጸደቋቸው የልማት ግቦች የባሕርን መኮምጠጥ ለመቀነስ ቃል ገብተዋል። ለዚህ ቃል ከቶ ሌላ መንገድ የለውም፤ ብዙ የሚያነዱት ታላላቅ አገሮች ማንደዳቸውን መቀነስ አለባቸው። ጊዜውም የሚያዘናጋ አይደለም። በኦሪገን ጠረፍ ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ አየር የነካው ከ30 እስከ 50 ዓመት በፊት ነው፤ የዛሬውን ጭስ የጠጣው ውሃ ገና አልወጣም።